ማንም ያልሻረው ቄስ

ወንድሜ ክንዱ ቄስ ነው። ነበር አላልኩም፤ ነው። ይህን ስል የሚያሽሟጥጡ የአገራችን ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ያሽሟጥጡ። እኔ አምሳል እባላለሁ፤ ለእናታችን የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፣ የመጨረሻው እሱ ነው። ጎንደር ቁስቋም ሰፈር ባልትና እሸጣለሁ። በርበሬ ስታስፈጭ የምትውል ሴት ምላሷም ያው ነው ይሉኛል። ይበሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የተወለድነው ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ወጣ ብሎ፣ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ደጋ ነው። ክንዱ ፊደል መቁጠር ከጀመረ ጀምሮ ከቢሻው ተለይቶ አያውቅም። ቢሻው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ሁለቱ አብረው ዳዊት ደገሙ፤ አብረው ቆሎ ተማሪ ሆነው አገር ለአገር ዞሩ። አንዱ ለምኖ ያመጣውን ሁለቱ ተካፍለው በሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ውሻ እየነከሰው ለመነለት። ድቁናውን ሲቀበሉም፣ ኋላ ቅስናውን ሲቀበሉም ሁለቱ በአንድ ቀን ነው፤ የመንደራችን ሚካኤልም ሁለቱን አንድ ላይ ቀጠራቸው። ቄስም ቢሆን ኃጢአቱን የሚናዘዝለት ሌላ ቄስ ያስፈልገዋልና፣ ክንዱ የንስሐ አባት ሲይዝ የያዘው ቢሻውን ነው። ሌላ ማንን ይያዝ?

ሚስቱን መንበረን ያገባት በቁርባን ነው። ካህን የሚያገባው አንዴ ነው። ሚስቱ ብትሞትበት ወይ ትታው ብትሄድ ሌላ አያገባም፤ ሌላ ሴት ከደረሰ ክህነቱ ፈረሰ፣ ከዚያ ወዲያ መቅደስ አይገባም። ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም፤ መንበረም አሳምራ ታውቀው ነበር። ቤታችንን ቆርቆሮ ላልብሰው ብላ አረብ አገር ሄደች። ራሱ ነው አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኛት። ለተወሰነ ጊዜ ትደውል ነበር፤ ኋላ መደወሉን ቀነሰች፤ አንድ ቀን ደወለችና እዚያው ሌላ ሰው ማግኘቷን ነገረችው። በስልክ! ሰላምታውን ሳትጨርስ። እኔ ያን ቀን አጠገቧ ባለመኖሬ ዛሬም ይቆጨኛል።

በዚያው ሰሞን ክንዱ ጎንደር መጣ፤ እኔ ቤት ግን አልመጣም። ጥምጣሙን ፈቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተና መጠጥ ቤት ገባ። ጠጣ። አንዲት ሴት አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች፤ ኋላም ተከትሏት ክፍሏ ድረስ ሄደ። አልጋው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ኪሱ ውስጥ የነበረው የእጅ መስቀል ጎኑን ወጋው። ተነሥቶ ወጣ። ሴትዮዋን በጣቱ አልነካትም። ይህን የማውቀው ኋላ ራሱ ስለነገረኝ ነው። ክንዱ ደግሞ ውሸት አይችልበትም፤ ቢችልበትማ ይህ ሁሉ ባልደረሰበት።

አገሩ እንደተመለሰ በቀጥታ የሄደው ወደ ቢሻው ነው። ተንበረከከና አንድም ሳያስቀር ነገረው፤ መጠጡን፣ ሴትዮዋን፣ ክፍሉን፣ ተነሥቶ መውጣቱን። ቢሻው ሰማ፤ አለቀሰ፤ መስቀሉን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አለው። ወንድሜም ሸክሙ ቀለለለትና ቤቱ ገብቶ ተኛ።

ለካ በዚያን ሰሞን የደብሩ አለቃ አርፈው ሌላ አለቃ ሊመረጥ ኖሯል። የሰው ሁሉ ዓይን ክንዱ ላይ ነበር፤ ድምፁ ሸጋ፣ አንደበቱ ቁጥብ ነው። የቢሻው ዓይን ደግሞ ወንበሩ ላይ ነበር። ሽማግሎቹ ተሰብስበው ምክር ሲይዙ ቢሻው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ ምንም አልልም። ብቻ ክንዱ ጎንደር ወርዶ የት እንደገባ ጠይቁት፤ እሱ አይዋሽም።» አያችሁ ብልጠቱን? ምስጢር አወጣህ እንዳይሉት ምንም አላወጣም። ግን የንስሐ አባቱ እሱ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? ሁሉም የቀረውን ራሱ ሞላው።

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ክንዱን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር አቆሙት። አያ ምናለ የሚባሉት ሽማግሌ፣ ከዚያ በፊት ወንድሜን አንቱ እያሉ መስቀሉን ሲሳለሙ የኖሩ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «ጎንደር ሴት ቤት ገብተሃል አልገባህም?» አሉት። አንተ ብለው።

«ገብቻለሁ» አለ ክንዱ።

የቀረውን ሊናገር አፉን ሲከፍት ጩኸቱ ቀደመው። ሴቶች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ወንዶቹ ምድሩን በዱላቸው መቱ። ክንዱ ዞሮ ቢሻውን አየው፤ «የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ» የሚል ዓይን ነበር። ቢሻው መሬት መሬት ያያል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼ ነው። አለቅነቱን ለቢሻው ሰጡት። ወንድሜም በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ እኔ ዘንድ መጣ፤ ያን ጊዜም ጥምጣሙ ቦርሳው ውስጥ ነበር።

እኔ ደሜ ፈላ። ሀገረ ስብከት ሄደን እንክሰሰው፣ ምስጢረ ንስሐ ያወጣ ቄስ ምን እንደሚደረግ እናያለን አልኩት። «ምን ብዬ እከሳለሁ እታለም?» አለኝ። «መግባቱንስ ገብቻለሁ።» ከዚህ ሌላ ቃል ማውጣት አልተቻለም። እህል አይቀምስም፤ ሰው ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ልጅ ሆኖ በጀርባዬ ያዘልኩት ወንድሜ እንዲህ ሲሆን እያየሁ አንጀቴ አረረ።

ጎረቤቴ ዙበይዳ ናት ሥራ ያገኘችለት። ዙበይዳ ከአያት ከቅድመ አያቷ ጀምሮ ነጋዴ ናት፤ ወንድሟ ዐብዱረሕማን ማራኪ ሰፈር ለተማሪ የሚያከራየው ሕንፃ አለው። ክንዱን ጥበቃ አድርጎ ቀጠረው። ካፖርት ደረበ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አወረደ። ዙበይዳ ግን አንድም ቀን ቄሴ ሳትል ጠርታው አታውቅም። «ይኼ ሰውዬ በር ላይ ሲቆም እንኳ ቅዳሴ የቆመ ነው የሚመስለው» ትለኝና ትስቃለች። እሱ አይስቅም። ቤተ ክርስቲያን ያለበትን መንገድ ትቶ በዙሪያ ይሄድ ነበር። ማዕድ ሲቀርብ ባርክ ስለው ዝም ይላል፤ እኔው ባርኬ እንበላለን። ጉድ በል ጎንደር፤ ቄስ ወንድም አስቀምጣ ባልትና ሻጭ ትባርካለች።

አንድ ቀን ደግሞ አንዲት የአገራችን አሮጊት ልጃቸውን ሊጠይቁ ማራኪ መጥተው በሩ ላይ አዩት። ወሬውን አልሰሙ ይሁን ሰምተው ይሁን እንጃ፤ እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። ክንዱ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና «ተሳስተዋል እናቴ፣ እኔ ጥበቃ ነኝ» አላቸው። ያን ዕለት ቤት መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «አምላኬን ካድኩት» አለኝ። «ቢሻው ከሸጠኝ ይልቅ እኔ የሸጥኩት ይብሳል።» እኔ ግን ከቢሻው የሚብስ አልታየኝም፤ ዛሬም አይታየኝም።

ከዚያ ወዲያ ነው ቁስቋም ደጅ መሄድ የጀመረው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ይሄድና ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋዩ ላይ ግንባሩን አድርጎ ይቆማል። መግባቱን አይገባም። ዳዊቱን እንደገና አወጣው፤ መጀመሪያ በልቡ፣ ኋላ በከንፈሩ፣ ኋላ ድምፁ ይሰማኝ ጀመር። በሩ አጠገብ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ሲያዩት ሰንብተው «ምነው ልጄ፣ ሁልጊዜ ከውጭ?» አሉት። ተቀምጦ ነገራቸው። ለቢሻው የነገረውን ሁሉ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውንም ጨምሮ። እንደገና አፉን ለሰው መክፈቱን ሲነግረኝ እኔ ራሴ ፈራሁ። አንዴ የነደደ ሰው እንዴት ተመልሶ እሳት ይነካል?

«ጳጳሱ ሻሩህ?» አሉት መነኩሴው።

«አልሻሩኝም።»

«ሴትዮዋን ደረስሃት?»

«አልደረስኳትም።»

«እንግዲያ ማን ሻረህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ከአጥር ውጭ ምን አቆመህ?»

«ኀፍረት ነው አባ።»

«ከማን? ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከሰው?»

ክንዱ ተነሥቶ ሄደ። እኔ ዘንድ መጥቶ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ከዚያች ክፍል እጄን ይዞ ያወጣኝ እግዚአብሔር ነው እታለም። እኔ ደግሞ ያወጣኝን ትቼ ካላዩኝ ሰዎች ስደበቅ ኖርኩ።» ፊቱን አየሁት፤ እኔ ዘንድ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየ።

መነኩሴው ለመጠጡና ለክፍሉ ጾምና ስግደት አዘዙት። ያንን ወንድሜ በደስታ ፈጸመ፤ ጉልበቱ እስኪላላጥ ሰገደ፤ ከአጥሩ ገብቶ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ አስቀደሰ። የቀኖናው መጨረሻ ነው የከበደው። «ከሆሳዕና በፊት ባለው ገበያ አገርህ ግባ» አሉት። «ጥምጣምህን አስረህ፣ መስቀልህን ይዘህ፣ በጠራራ ፀሐይ በገበያው መሃል እለፍ። የመጣውን አሳልም፤ የሸሸህንም ባርክ። ሆሳዕናን ከደብርህ ሰዎች ጋር ቁም።» ክንዱ ይህን ነገረኝ። እኔ ተነሣሁና ሱቄን ለዙበይዳ አደራ ሰጠሁ። ብቻውን አልሰደውም።

አምባ ጊዮርጊስ ከአውቶቡሱ ስንወርድ ጥምጣሙን ነጭ አድርጎ አስሯል። ገበያው ሙሉ ነው። አንዱ ሌላውን በክርኑ ይነካል፤ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጀርባዋን ሰጠችን፤ አንዱ «ማን ብሎት ነው ጥምጣም ያሰረው?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ልመልስለት ስል ክንዱ በዓይኑ ከለከለኝ። መስቀሉን ደረቱ ላይ ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ግራና ቀኙን ይባርካል። እጁ አንዴም ኪሱ አልገባም። እህል ተራው ጋ ስንደርስ አንድ የማናውቀው ገበሬ ጭነቱን አስቀምጦ ተሳለመው፤ ከዚያ አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች፤ ከዚያ ሌሎች። ብዙ አይደሉም። ገበያውን ጨርሰን ወጣ ስንል ክንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «አላፈርኩም» አለኝ፤ ራሱም የደነቀው ይመስል ነበር። «የምወድቅ መስሎኝ ነበር እኮ። ግን አላፈርኩም።»

ሆሳዕና ጠዋት ሚካኤል ደጅ ሄድን። ክንዱ ካህናቱ ዘንድ አልሄደም፤ ከምእመናኑ ጋር ጽዱ ሥር ቆመ። ሕዝቡ ዘንባባውን ይዞ ግቢውን ሞልቶታል፤ ክርስትና የሚነሡ ሕፃናትም ከእናቶቻቸው ጋር መጥተዋል። ደወሉ ተደወለ። ቅዳሴው ግን አልተጀመረም። ጠበቅን፤ አሁንም የለም። ለካስ ከቢሻው ጋር የሚቀድሱት ሌላው ቄስ ታመው ኖሯል፤ ያን ጠዋት ከመኝታቸው መነሣት አቃታቸው። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ አንድ ከጎደለ የለም። ሆሳዕና ነውና ከጎረቤት ደብር ቄስ መዋስ አይቻልም፤ እያንዳንዱ ቄስ በየደብሩ ቆሟል።

አያ ምናለ ሁለት ሽማግሎች አስከትለው ወደ እኛ መጡ። «ቄሴ፣ ይግቡልን» አሉት። ይግቡልን! አንቱታው ተመለሰ።

እኔ አልቻልኩም። «ምነው አያ ምናለ፣ የፈረሰ ቄስ ነው አላላችሁም ነበር? ዛሬ ማን ጠገነው?» አልኳቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ክንዱ እጄን ያዘና «ዝም በይ እታለም» አለኝ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ «ቄስ ቢሻው ራሱ ይጥራኝ» አላቸው።

ይህች ቃል ምን እንደምትል ግቢው ውስጥ ያልገባው አልነበረም። ክህነቱ ከፈረሰ ሰው ጋር አብሮ መቀደስ አይቻልም። ቢሻው «ግባ» ካለው፣ ወንድሜ እንዳልፈረሰ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ የንስሐ አባቱ ነዋ። ካላለው ደግሞ ሆሳዕና ያለ ቅዳሴ ሊያልፍ ነው፤ ሕፃናቱም ሳይጠመቁ ሊመለሱ ነው። የወንድሜም ችግር ሌላ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል የአገሬ ሰው፤ ያን ሰው እየጠላ አጠገቡ ቆሞ ቢቀድስ ለራሱ ፍርድ ነው።

ቢሻው ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ። ወፍሯል፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። እኔ በልቤ ክንዱን «አናግረው፣ በሕዝቡ ፊት አናዝዘው» እለው ነበር። ቢሻው ዓይኑን ሳያነሣ «ና ግባ» አለ። ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለም።

ክንዱ ሄደ። ደረጃው ሥር ሲደርስ ያ ሰው ጥፋቱን እስኪናገር ይጠብቃል ስል፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመና «ይፍቱኝ አባ» አለው። በዳዩን! ቢሻው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አለ፤ ድምፁ ከፊት ላሉት እንኳ በቅጡ አልተሰማም። ተያይዘው ገቡ፤ መጋረጃው ተዘጋ። ከውስጥ የወንድሜ ድምፅ ሲወጣ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስታም ነበር፣ ንዴትም ነበር፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ከቅዳሴው በኋላ ቢሻው ክንዱን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሰደው። ከማግሥቱ ሰሙነ ሕማማት ይገባል፤ እስከ ፋሲካ መስቀል መሳለም የለም፣ ኑዛዜም የለም። ከሩቅ አየናቸው። ቢሻው ተንበረከከ፣ ክንዱ መስቀሉን ራሱ ላይ አደረገለት። ረጅም ጊዜ ቆዩ። የሰማ ግን የለም።

አሁን ጉዱን ስሙ። የመንደራችን ሰው ሲያወራ ምን ይላል? «ቢሻው ሸጋ ሰው ነው፤ የወደቀ ጓደኛውን አነሣው፣ ወደ መቅደስ መለሰው።» እንዲህ እያሉ ያመሰግኑታል። አለቅነቱም ከእጁ አልወጣም። ግማሹ ሰው ዛሬም ወንድሜን የሚያየው ኃጢአቱ እንደተሰረየለት ሰው እንጂ እንደተበደለ ሰው አይደለም። ክንዱ ደግሞ ፋሲካ ካለፈ ወዲህ እዚያው ደብር፣ ከቢሻው ጎን ይቀድሳል።

ባለፈው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ገና ከመቀመጡ ያዝኩት። «ቢሻው ተንበርክኮ የነገረህ ምስጢርህን ማውጣቱን ነው አይደል?» አልኩት። «አየህ፣ ብልጥ ነው። ለሌላ ቄስ ሳይሆን ለአንተ የተናዘዘው አፍህን ሊዘጋ ነው። አንዴ በንስሐህ ሸጠህ፣ አሁን ደግሞ በንስሐው ዘጋህ። አንድ ቃል ብቻ ተናገር፤ ለአያ ምናለ ብቻ። ስምህ ይነጻል።»

«ምን ብሎ እንደነገረኝ አላውቅም» አለኝ።

«እንዴት አታውቅም? በጆሮህ ሰምተህ!»

«እታለም» አለኝ፣ ረጋ ብሎ፣ ዓይኔን እያየ። «ሰዎቹ ፈርሷል ያሉት ክህነቴ አልፈረሰም ነበር። ያንን ቃል ብናገር ግን ያኔ በእውነት ይፈርሳል።»

ማዕዱን አቀረብኩ፤ ተነሥቶ ባረከልኝ፤ በላን።